ማገሩ ከዳነ ምርጊቱ ይመለሳል
ስለ ጥርስ ሥር መበስበስና ከዕፅዋት ስለሚገኙ አጽኚ ንጥረ ነገሮች

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ከአንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም፣ በየጦር ሰፈሩ በብዙ ቤት ውስጥ የሚገኝ ጭንቀት የያዘ ስለሆነ ለግል መልስ ብቻ ልንተወው አልወደድንም።

እኅታችን እንደገለጹልን፣ ባለቤታቸው ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በውትድርና ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጥርሶቻቸው ከላይ ሲታዩ ሙሉና ነጫጭ ናቸው። ነገር ግን ድዳቸው እየሸሸ በመሄዱ የጥርሶቻቸው ሥር ተገልጦ፣ ከድዱ ጠርዝ አጠገብ ቡናማ መልክ ያለውና ሲነካ ለስለስ የሚል ቦታ ታይቶባቸዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጎነጩ እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ባለፈው ወር በጥበቃ ላይ ሳሉ ኮቾሮ ሲቆረጥሙ አንዱ ጥርስ ከድዱ ጠርዝ ላይ ተቀንጥሶ ቀረ። «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብዬ ብለምናቸው፣ የጥርስ ሕመም ለወታደር ምኑ ነው ይሉኛል» ይላሉ እኅታችን።

በዚህ መካከል በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ «የጥርስን ሥር ከውስጥ የሚያጸና የዕፅዋት ዱቄት» ብሎ፣ ለልጆቻቸው ደብተር መግዣ ያስቀመጡትን ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ጥቅል ሸጠላቸው። ጥቅሉ አልቋል፤ ሕመሙ ግን አልቀረም። ጎረቤት ደግሞ «የሸኾና ሾርባ ያጠጧቸው፤ ሥሩን የሚይዘው እሱ ነው» ብሏቸዋል። እኅታችን የሚጠይቁን ይህንን ነው፤ «ሁለተኛውን ጥቅል ልግዛ ወይስ ልተወው? እኔስ ሦስት ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ሁለት ጥርስ ያጣሁት ካልሲየሜን ልጆቼ ወስደውብኝ ነውን?»

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። «ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር የጥርስን ሥር ሊያጸና ይችላል» የሚለው ቃል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ነጋዴው ያላወቀው፣ ወይም አውቆ ያልተናገረው ነገር ብዙ ነው። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት ደግሞ ጥርስ ራሱ ከምን እንደ ተሠራ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ጥርስ ለወታደር ምኑ ነው?

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ለሃምሳ አለቃው አንዲት ቃል እናቅርብ። ከመካከላችን አንዱ በወጣትነቱ እንደ እርሳቸው የጥርስን ሕመም ችሎ ማለፍን እንደ ጀግንነት ቆጥሮት ነበር። ትርፉ ሦስት ባዶ ቦታ ሆነ፤ ዛሬ ጥሬ ሲቀርብ ሌሎች ሲቆረጥሙ እያየ ይቀመጣል።

የጦር ሠራዊት ታሪክም ቢሆን የጥርስን ነገር አቅልሎ አያየውም። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የባሩዱን የወረቀት ጥቅል በጥርሱ ቀድዶ ጠመንጃውን ማጉረስ የማይችል ሰው ለእግረኛ ጦር ብቁ ሆኖ አይቆጠርም ነበር። ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቦር ጦርነት ብዙ የእንግሊዝ ወታደሮች በጥይት ሳይሆን በጥርስ ምክንያት ከግዳጅ ውጭ ሆነዋል፤ ደረቁን ብስኩት መቆርጠም ያልቻለ ሰው ሊዘምት አልቻለምና። ከ1914 እስከ 1918 በነበረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ የከረሙት ወታደሮች ድዳቸው እየቆሰለ፣ እየደማና እየሸተተ አስቸግሮ ስለነበር፣ ሕመሙ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ የምሽግን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል። በዚህ ሁሉ ልምድ የተነሣ የአሜሪካ ጦር በ1911፣ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በ1921 ራሱን የቻለ የጥርስ ሐኪሞች ክፍል አቋቋሙ። እንግዲህ ጥርስ ለወታደር ምኑ እንደ ሆነ መልሱ ከዚህ በላይ አያሻውም።

ጥርስ ከምን ተሠራ?

ከድድ በላይ የሚታየው የጥርስ ክፍል ኢናሜል በሚባል እጅግ ጠንካራ ልባስ ተሸፍኗል። ይህ ልባስ በክብደቱ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከኢናሜሉ በታች ያለውና ሥሩን በሙሉ የሚሠራው ክፍል ግን ዴንቲን ይባላል። ዴንቲን በክብደቱ ከመቶ 70 ያህሉ ማዕድን፣ ከመቶ 20 ያህሉ ሥጋዊ አካል፣ የቀረው ውኃ ነው። ከዚያ ሥጋዊ አካል ውስጥ አብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ጭረት ነው። ኮላጅን በቆዳ፣ በጅማት፣ በአጥንትና በድድ ውስጥም የሚገኝ፣ ሰውነትን አሥሮ የሚይዝ ገመድ መሰል ፕሮቲን ነው።

ነገሩን በዐይናችሁ ለማየት ብትፈልጉ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ቀላል ሙከራ አድርጉ። አንድ የታጠበ የዶሮ አጥንት በአቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፉ። አቼቶው ማዕድኑን አሟሙቶ ይወስደዋል፤ የቀረው አጥንት መልኩን ሳይለቅ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ያ የሚተጣጠፈው ነገር በአብዛኛው ኮላጅን ነው። በአንጻሩ በእሳት የተቃጠለ አጥንት ኮላጅኑ ስለሚነድድ መልኩን ይዞ ይቀራል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይፈረካከሳል። ከዚህ የምንረዳው ማዕድኑ ጥንካሬን፣ ኮላጅኑ ደግሞ አለመሰበርን የሚሰጡ መሆናቸውን ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይረባም።

የአገራችንን የጭቃ ቤት አስቡ። ግድግዳው በማገር ይታሠራል፤ ከዚያም በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። በዴንቲን ውስጥ ማገሩ ኮላጅን ነው፤ ምርጊቱ ማዕድን ነው። ከድድ በላይ ያለው የጥርስ ክፍል በውጭ በኩል በድንጋይ እንደ ተለበጠ ቤት ነው። ሥሩ ግን ድንጋይ የሌለው፣ በድድ ከለላ ሥር ብቻ ተጠብቆ የሚኖር የጭቃ ግድግዳ ነው። ላዩን የሚሸፍነው ሌላ ስስ ልባስ ቢኖርም፣ ድዱ ከሸሸ በኋላ በጥቂት ፍትጊያ ይገፈፋል።

ዝናብና ምስጥ

በአፋችን ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ስኳርና የተፈጨ እህል ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ቁጥር ንጹሕ ውኃ 7 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው ቁጥሩ ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ነው። የጥርስ ሥር ግን ገና ወደ 6.2 አካባቢ ሲደርስ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ስለሆነም ኢናሜሉን ምንም የማይነካው ቀላል አሲድ ሥሩን ሊጎዳው ይችላል። የሃምሳ አለቃው ጥርስ ከላይ ነጭ ሆኖ ሳለ ከታች የተቀነጠሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሲዱ እንደ ዝናብ ነው፤ ምርጊቱን አጥቦ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ማገሩ ይገለጣል። ማገሩ ገና ከቆመ ነገሩ አላለቀም። ምራቅ በውስጡ ካልሲየምና ፎስፌት ስለሚይዝ፣ ፍሎራይድ ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ፣ ግድግዳውን መልሶ ሊመርገው ይችላል። አደጋው የሚመጣው ምስጡ ማገሩን ሲበላው ነው።

ምስጡ ማን ነው? ለብዙ ዘመን ኮላጅኑን የሚያፈርሱት ተሕዋስያኑ ብቻ ናቸው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ግን በራሱ በጥርሱና በምራቁ ውስጥ የሚገኙ ኢንዛይሞች በዚህ ጥፋት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳዩ። እነዚህ ኢንዛይሞች ጥርሱ በሚሠራበት ጊዜ በዴንቲኑ ውስጥ ታሽገው የቀሩ ናቸው። አሲድ ሲመጣ ይነቃሉ፤ ምራቅ አሲዱን ሲያበርደው ደግሞ ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ የተገለጠውን ኮላጅንም ይቆራርጡታል። በወታደር ቋንቋ ብንናገር፣ ጠላት ከውጭ ሲተኩስ በምሽጉ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሰርጎ ገብ ተነሣ ማለት ነው። ማገሩ አንዴ ከተበላ ምርጊት የሚያርፍበት የለም፤ ጉድጓድ ይሆናል።

ጥሬ ቆዳና የለፋ ቆዳ

እዚህ ላይ የዕፅዋት ነገር ይመጣል። የጠፍር አልጋን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ጠፍር ጥሬ ቆዳ ነው። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ዝናብ ካገኘው ይላላል፤ ርጥበቱ ከቆየ ይሸታል፤ ይበሰብሳልም። የለፋ ቆዳ ግን፣ ለምሳሌ ዝናር ወይም የወታደር ጫማ፣ በጭቃና በዝናብ ውስጥ ሲመላለስ ዓመታት ይቆያል። ሁለቱም ከአንድ በሬ ጀርባ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን ነው። ከጥንት ጀምሮ ቆዳ አልፊዎች እንደ ግራር ባሉ ዛፎች ቅርፊት ውስጥ የሚገኘውን ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠቀማሉ። ታኒን በኮላጅን ጭረቶች መካከል እየገባ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዛቸዋል። ጭረቶቹ እንዲህ ሲተሣሠሩ ውኃ አያላላቸውም፤ ተሕዋስያንና ኢንዛይሞችም በቀላሉ አይቆርጧቸውም። ያልበሰለ ሙዝ ስንቀምስ ወይም ብዙ የፈላ መራራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን ጭምድድ የሚያደርገንም ይኸው ታኒን ነው፤ የምራቃችንን ፕሮቲን እየያዘ ማለስለሻውን ያሳጣዋልና።

ተመራማሪዎች ያሰቡት እንግዲህ ይህንን ነው። ታኒን የበሬን ቆዳ ካጸና፣ የጥርስን ሥር ኮላጅን ለምን አያጸናም? ማገሩን ምስጥ እንዳይበላው ብናለፋው ምራቅና ፍሎራይድ መልሰው እስኪመርጉት ድረስ አይቆምምን?

ምርምሩ ምን አሳየ?

ለዚህ ሥራ ከተሞከሩት ዋነኛው ከወይን ፍሬ ዘር ተጨምቆ የሚወጣው ፕሮአንቶሳያኒዲን የሚባል የታኒን ወገን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በቀረፋና በካካዎ ውስጥም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቺካጎ የሚገኙ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተነቀሉ የሰው ጥርሶች ሥር ላይ ሰው ሠራሽ ብስባሽ ካደረጉ በኋላ፣ ከመቶ 6.5 የወይን ዘር ጭማቂ ባለበት ፈሳሽ ደጋግመው አከሟቸው። ፈሳሹ ያልነካቸው ሥሮች ሲጎዱ የታከሙት ግን ማዕድናቸውን መልሰው ለመያዝ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን የወጡ ሌሎች ጥናቶችም የወይን ዘር ጭማቂ ያረፈበት ዴንቲን እንደሚጠጥርና የመበስበሱ ጉዞ እንደሚገታ አመልክተዋል። ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ንጥረ ነገርም ቀደም ብለን ምስጥ ያልናቸውን ኢንዛይሞች ከሥራ እንደሚያግድ ታይቷል።

የዚህ ነገር ተስፋ ትልቅ ነው። ሳይንቲስቶች ኮላጅንን ለማጽናት አስቀድሞ ያውቁት የነበረው ግሉታራልዴሃይድ የሚባለው ኬሚካል ለሕያው ሥጋ መርዝ ነው። ከዕፅዋት የሚገኘው አጽኚ ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ልክ ነበርን? አልነበረም፤ ምክንያቱን በሦስት እንከፍለዋለን።

አንደኛ፣ ሙከራዎቹ በአብዛኛው የተካሄዱት በተነቀሉ ጥርሶች ላይ፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ጥርሱ ጸድቶ፣ የንጥረ ነገሩ መጠን ተለክቶ፣ ፈሳሹ ለደቂቃዎች በቦታው እንዲቆይ ተደርጎ ነው። በሕያው አፍ ውስጥ ግን ምራቅ ያጥበዋል፤ በጥርስ ላይ የተጋገረው የተሕዋስያን ሽፋንም ይከለክለዋል። የወይን ዘር ማኘክ ወይም ቀረፋ ጥርስ ላይ መነስነስ ይህን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ታኒን ጥርስን ያቀልማል። ቆዳን ቡናማ እንደሚያደርገው ሁሉ ሥሩንም ቡናማ ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት ሐኪም እንኳ የመበስበሱን ምልክት ከቀለሙ ለይቶ ለማወቅ ሊቸገር ይችላል።

ሦስተኛ፣ በገበያ የሚሸጠው ዱቄት ውስጡ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ከሰል፣ አመድ ወይም አሸዋነት ያለው ነገር ይቀላቀልበታል። ይህ ደግሞ የጭቃን ግድግዳ በድንጋይ እንደ መፈተግ ነው፤ የተገለጠውን ሥር ይበልጥ ይሸረሽረዋል።

የሸኾናውን ሾርባ በተመለከተ፣ ሾርባው መልካም ምግብ ነውና ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን የምንበላው ኮላጅን በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ ተነሥቶ ወደ ጥርስ ሥር አይገባም። የሥሩ ኮላጅን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ እንደ ሥጋና እንደ ድድ አይታደስም። ምግብ የሚረዳው ድድን ነው። ድድ ኮላጅኑን በየጊዜው ያድሳል፤ ለዚህም ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። በቀድሞ ዘመን መርከበኞች ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት ድዳቸው ሲደማና ጥርሳቸው ሲረግፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1747 ጀምስ ሊንድ የተባለው ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም ብርቱካንና ሎሚ የበሉት በሽተኞች እንደሚድኑ አሳይቷል። እኛም ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ አሉን። ከእንጀራ ጋር የሚቀርበው ቃሪያ ለቅመም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቫይታሚን ሲ ጎተራ ነው። ሎሚን ግን በጥርስ መካከል ይዞ መምጠጥ አይገባም፤ አሲዱ ሥሩን ያሟሟዋልና።

በሰፈርና በምሽግ ምን እናድርግ?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በተግባር ሲተረጎም የሚከተለውን ይመስላል።

1ኛ፦ ድድ እንዳይሸሽ መጠበቅ። ሥሩ ካልተገለጠ አይበሰብስም። መፋቂያ መልካም የአባቶቻችን መሣሪያ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይሻል። እንጨቱን እንደ መጋዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፉ ድዱን መፈተግ ድድን ያሸሻል፤ ሥሩንም ይቦረቡራል። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ ከዚያም ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ መፋቅ ያስፈልጋል። የውስጠኛውን ገጽና የመንጋጋዎቹን ጀርባም አይርሱ። ብሩሽ የሚጠቀምም ለስላሳውን ይምረጥ።

2ኛ፦ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መጠቀም፤ አንዱ ከመኝታ በፊት ይሁን። ለአዋቂ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። መፋቂያ የሚጠቀም ሰውም ሳሙናውን ከጫፉ ላይ ሊያደርግ ይችላል። ሲጨርሱ መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ቆይቶ ሥራውን ይሥራ። ዛሬ የጥርስን ሥር ለመጠበቅ ከዕፅዋት ጭማቂ ሁሉ በላይ የተመሰከረለት ይኸው ፍሎራይድ ነው።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ብዙ የጉድጓድ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለው። በልጅነት ይህን ውኃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው የሚበልዘውም ለዚህ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሕፃናት የጥርስ ሳሙናውን እንዳይውጡት ወላጅ ቆሞ ይጠብቅ።

3ኛ፦ የስኳርን ድግግሞሽ መቀነስ። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ነገር ከቀመስን በኋላ ምራቅ አሲዱን ለማብረድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ሌሊቱን ሙሉ በየጊዜው ጣፋጭ ሻይ የሚጎነጭ ዘብ አፉን እስኪነጋ ድረስ በአሲድ ውስጥ ያሳድረዋል። ሻዩን ያለ ስኳር መልመድ፣ ካልተቻለም በአንድ ጊዜ ጠጥቶ በኮዳ ውኃ አፍን ማጠብ ይሻላል። በገጠር ብዙ ቤተሰብ ቡናውን በጨው ይጠጣል፤ ጥርስን በተመለከተ ይህ ልማድ ከስኳሩ የተሻለ ነው። ኮቾሮም ቢሆን በጥርስ መካከልና በድድ ጠርዝ ተጣብቆ የሚቀር ስለሆነ፣ ከበሉ በኋላ መጉመጥመጥ ይገባል።

4ኛ፦ አፍ እንዳይደርቅ መጠንቀቅ። ምራቅ መራጊው ነው፤ እሱ ሲጠፋ ግድግዳው ያለ ጠጋኝ ይቀራል። ጫት አፍን ያደርቃል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ደግሞ ጉዳቱን ያበዛዋል። ትምባሆ ድድን ያሸሻል። አንዳንድ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ምራቅን ስለሚቀንሱ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር።

5ኛ፦ ምልክቶቹን ማወቅ። ጥርስ ረዝሞ መታየት፣ በድድ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቦታ መውጣት፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መጥለቅለቅ፣ ሲፋቁ መድማት፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። ሥሩ ከኢናሜል ይልቅ ቶሎ ይሸነፋልና።

ለእናቶች

እኅታችን ስለ ራሳቸው ላነሱት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም፤ ጥርስ እንደዚያ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ግን ድድ በሆርሞን ለውጥ ምክንያት በቀላሉ ያብጣል፤ ይደማልም። ማስመለስ ሲደጋገም የሆድ አሲድ ጥርሱን ያጥበዋል። በየሰዓቱ የሚያምረው ጥቂት ጥቂት ምግብም ለተሕዋስያኑ ድግስ ይሆናል። ጥርስ የሚጠፋው በነዚህ ምክንያቶች ነው፤ ሁሉም ደግሞ መከላከያ አላቸው።

ካስመለሱ በኋላ ወዲያውኑ ጥርስን አይፋቁ፤ አሲዱ ያላላውን ገጽ ፍቆ ማንሣት ይሆናልና። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ በጥብጠው ይጉመጥመጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይፋቁ። የደማ ድድ ስለ ደማ መፋቁን አይተዉት፤ በለስላሳው ይቀጥሉ። ነፍሰ ጡር ሴትም የጥርስ ሕክምና ማግኘት ትችላለች፤ መፀነሷን ለሐኪሙ አስቀድማ መንገሯ ግን ግድ ነው።

መልሳችን

ውድ እኅታችን፣ ሁለተኛውን ጥቅል አይግዙ። ገንዘቡን ለልጆቹ ደብተር ያውሉት፤ ከተረፈም ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይግዙበት።

ባለቤትዎን በተመለከተ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። ለስላሳው ቡናማ ቦታ ከጊዜ በኋላ ሊጠነክርና ሊቆም ይችላል፤ መበስበስ በጊዜ ከተደረሰበት ይገታል። ሐኪሙ ጉድጓዱን ፍሎራይድ በሚለቅ ግላስ አዮኖመር በተባለ ሲሚንቶ ሊሞላው ይችላል። ሌላው መንገድ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ መቀባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሆንግ ኮንግ በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ፈሳሽ በዓመት አንድ ጊዜ መቀባት አዲስ የሥር መበስበስ እንዳይነሣ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሁለቱንም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ፈሳሹ ሲቀባ መሰርሰሪያ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የበሰበሰውን ቦታ ያጠቁራል። ይህን አስቀድመው ይወቁት። ጠቁሮ የቆመ ሥር ነጭ ሆኖ ከሚወድቅ ጥርስ ይሻላል።

የተቀነጠሰው ጥርስ ግን ሊቆይ አይገባውም። በድዱ ውስጥ የቀረው ሥር መግል ሊቋጥር ይችላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ነገር ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል ነውና ለባለቤትዎ ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

ሃምሳ አለቃ ሆይ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ባለቤትዎ ሲያነብቡልዎ ፈገግ ብለው እንደማያልፉት እናምናለን። ጠመንጃዎን ሳይወለውሉ፣ ዝናርዎን ሳይፈትሹ ወደ ጥበቃ ወጥተው አያውቁም። በአፍዎ ውስጥ ያለውንም እንደ ንብረት ክፍል ዕቃ ቆጥረው ይፈትሹት። የተበላሸ ጠመንጃ በሌላ ይተካል፤ ጥርስ ግን አንዴ ከሄደ ከየትኛውም መጋዘን ወጪ አይደረግም።

ከወይን ዘር የሚገኘው አጽኚ ተጣርቶ፣ ተመዝኖና በሰው ላይ ተፈትኖ በሐኪም እጅ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ይህ ዓምድ የምሥራቹን ለመንገር አይዘገይም። እስከዚያው ድረስ ማገሩን በየዕለቱ ጥበቃ እናቆየው፤ ማገሩ ከዳነ ምርጊቱ ይመለሳልና።